ትሏ ከኢንፌክሽን ራሷን ስትከላከል በሙከራ ማየት፦ የፒኤምኬ-1 መስመር አፈታተሽ

ሲ. ኤለጋንስ የምትባለው አንድ ሚሊሜትር ያህል የምትረዝም ድቡልቡል ትል ነጭ የደም ሴል የላትም፤ ፀረ እንግዳ አካልም አታመርትም። በሰውና በዝንብ የመከላከያ ጂኖችን የሚያዘው ኤንኤፍ-ካፓቢ ፕሮቲን እንኳ በእሷ ዘንድ የለም። ኑሮዋ ግን ባክቴሪያ መብላት ስለሆነ ጠላት በየጉርሻው አብሮ ይገባል። አንጀቷን በዋናነት የሚጠብቅላት የፒ38 የምልክት መስመር፣ ማለትም ፕሮቲኖች ተራ በተራ የሚነቃቁበት ሰንሰለት ነው፦ ቲአይአር-1 ኤንኤስዋይ-1ን፣ ኤንኤስዋይ-1 ሴክ-1ን፣ ሴክ-1 ደግሞ ፎስፌት አክሎ ፒኤምኬ-1ን ያነቃል። ፒኤምኬ-1 በበኩሉ ኤቲኤፍ-7 ላይ ፎስፌት ይጨምራል። ኤቲኤፍ-7 እስከዚያ ድረስ የመከላከያ ጂኖችን አፍኖ የያዘ ነው፤ ፎስፌቱን ሲያገኝ ያበራቸዋል። የሴክ-1ና የኤንኤስዋይ-1 ሚና የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2002 ባክቴሪያ ቶሎ የሚገድላቸውን ትሎች በመልቀም ነበር። ከዚህ በታች ያለው አሠራርም የዚያው ዓይነት ነው፤ «ቀስ ገዳይ» ሙከራ ይባላል።

አጋሩን (ባክቴሪያውና ትሎቹ የሚቀመጡበትን ጄል) ለአንድ ሊትር እንዲህ አዘጋጁ፦ 3 ግራም ጨው፣ 17 ግራም አጋር፣ 3.5 ግራም ፔፕቶን (የባክቴሪያው የፕሮቲን ምግብ)፣ 975 ሚሊሊትር ውሃ። ለተራ እርባታ ፔፕቶኑ 2.5 ግራም ነው፤ እዚህ የሚጨመረው ባክቴሪያው ደህና አድርጎ እንዲያድግ ነው። ከኦቶክሌቭ (በእንፋሎት ግፊት ጀርም ከሚገድለው ማሽን) ወጥቶ ወደ 55 ዲግሪ ሲበርድ 1 ሚሊሊትር ካልሲየም ክሎራይድ (1 ሞላር)፣ 1 ሚሊሊትር ኮሌስትሮል (በኤታኖል የሟሟ፣ በሚሊሊትር 5 ሚሊግራም)፣ 1 ሚሊሊትር ማግኒዚየም ሰልፌት (1 ሞላር) እና 25 ሚሊሊትር ፖታሲየም ፎስፌት (1 ሞላር፣ ፒኤች 6) በየተራ እያማሰላችሁ ጨምሩ። አንድ ላይ ከደፋችኋቸው ካልሲየሙና ፎስፌቱ ተያይዘው ነጭ ዝቃጭ ይሆናሉ። በ3.5 ሳንቲሜትር ፕሌት ላይ ቀድታችሁ በደንብ ይድረቅ፤ እርጥብ አጋር ላይ ገዳዩ ባክቴሪያ ፕሱዶሞናስ እየተንሸራተተ ይዛመታል፣ ትሎቹም ውሃ ውስጥ ይዋኛሉ።

ባክቴሪያው ፕሱዶሞናስ ኤሩጂኖሳ ፒኤ14 ነው። ሁልጊዜ ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ላይ ከተቀመጠው ክምችት አዲስ ፕሌት ላይ አውጡት። ከፕሌት ወደ ፕሌት ሲገለባበጥ የከረመ ዝርያ የመግደል አቅሙ ይደክማል፤ ውጤታችሁ ከወር ወር የሚዋዥቅ ከሆነ መጀመሪያ የምትጠረጥሩት ይህን ይሁን። አንዷን የባክቴሪያ ክምር በኤልቢ (የባክቴሪያ ማሳደጊያ) ፈሳሽ 37 ዲግሪ ላይ አሳድሩ፤ በነጋታው 20 ማይክሮሊትር ያህል እስከ ፕሌቱ ጠርዝ ድረስ አዳርሳችሁ ቀቡ። 24 ሰዓት በ37 ዲግሪ፣ ከዚያ 24 ሰዓት በ25 ዲግሪ ይቆይ።

እስከ ጠርዝ መቀባቱን አደራ። መሐል ላይ ብቻ ጠብ ያደረጋችሁት እንደሆነ ትሏ ጠላቷን አሽትታ ትሸሻለች፤ የምትለኩትም መከላከያዋን መሆኑ ቀርቶ ሽሽቷን ይሆናል። ሁለቱም የመዳኛ መንገዶች ናቸው፣ ጂኖቻቸው ግን ይለያያሉ። እርግጥ ሽፋኑ ሙሉ ሲሆን በፕሌቱ ግድግዳ ላይ ወጥተው የሚደርቁ ይበዛሉ፤ እነዚያን «ከቆጠራ የወጡ» ብላችሁ መዝግቡ እንጂ ከሙታን አትደምሯቸው።

ትሎቹ እኩያ መሆን አለባቸው። እንቁላል የያዙ እናቶችን በበረኪናና በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ አሟሙታችሁ እንቁላሉን እጠቡ፤ ኤም9 በተባለ የጨው ፈሳሽ ያለ ምግብ ይፈልፈል፤ ከዚያ ወደ ተራ ምግባቸው፣ ኦፒ50 ወደተባለው የኢ. ኮላይ ባክቴሪያ አውርዷቸው። በ20 ዲግሪ ሁለት ቀን ገደማ ሲሆን ኤል4 ይደርሳሉ፤ ይህ ከጉልምስና በፊት ያለው የመጨረሻው የእጭ ደረጃ ነው። ምልክቱ በማይክሮስኮፕ ሲታይ በሆዷ መሐል ጠርዝ ላይ የምትነጣ ትንሽ ግማሽ ጨረቃ ናት። በየፕሌቱ ከ30 እስከ 40 ትል፣ ለየዝርያው ሦስት ፕሌት አድርጉ። የመጣችበት ምግብ እንዳይከተላት መጀመሪያ ባዶ አጋር ላይ ትንሽ ትሳብ።

በበሽታ የተጎዳች እናት እንቁላሏን መጣል ያቅታትና ጫጩቶቹ ሆዷ ውስጥ ተፈልፍለው ይገድሏታል። ይህን ለመከላከል በሊትር 50 ሚሊግራም የሚደርስ ኤፍዩዲአር፣ ማለትም እንቁላሉ እንዳይፈለፈል የሚያደርግ መድኃኒት፣ አጋሩ ላይ ይጨመራል። በሙቀት መካን የሚሆነውን የጂኤልፒ-4 ዝርያ በምትኩ የሚጠቀሙ አሉ፤ እሱ ግን በራሱ ኢንፌክሽን የመቋቋም አቅም ስለሚጨምር ንጽጽሩ የመካን ከመካን ጋር ብቻ መሆን አለበት።

በ25 ዲግሪ አቆይታችሁ በቀን ሁለቴ ቁጠሩ። ዝም ብላ የተኛችውን ራሷ ላይ በፕላቲነም ሽቦ ቀስ አድርጋችሁ ንኩ፤ ካልተነቃነቀች፣ ጉሮሮዋም መምጠጡን ካቆመ ሞታለች፤ አውጧት። የቆጣሪው ዓይን እንዳያዳላ ፕሌቶቹ ላይ የዝርያ ስም ሳይሆን የምስጢር ቁጥር ይጻፍ። የመደበኛዋ ኤን2 ግማሽ የሚያልቀው በሁለት ቀን ተኩልና በሦስት ቀን ተኩል መካከል ነው፤ ፒኤምኬ-1 የጎደላት ግን በግልጽ ቀድማ ታልቃለች። በየጊዜው በሕይወት የተረፉትን ድርሻ የሚያሳየውን ኩርባ በካፕላን-ማየር ዘዴ ሣሉ፤ በኩርባዎቹ መካከል ያለውን ልዩነት በሎግ-ራንክ በተባለው የስታቲስቲክስ ፈተና ፈትኑ።

ቶሎ መሞቷ ብቻውን መከላከያዋ ደክሟል ለማለት አይበቃም፤ ከመነሻው ሕመምተኛ የሆነች ትልም ቶሎ ትሞታለች። ስለዚህ ያንኑ ዝርያ በሙቀት በተገደለ ኦፒ50 ላይ አኑሩና ዕድሜዋን ለኩ። ሕይወት ያለው ኦፒ50 አይሆንም፤ ያረጀችን ትል እሱም ይጎዳታል። በተገደለው ላይ እንደ ኤን2 ከኖረች ጥርጣሬያችሁ ወደ መከላከያው ይሂድ።

ቀጥሎ መስመሩን ለዩ። ቲ24ቢ8.5 የተባለው ጂን በፒኤምኬ-1 ይታዘዛል፤ ከአረንጓዴ አብሪ ፕሮቲን ጋር የተያያዘባት ትል መስመሩ ሲሠራ አንጀቷ አረንጓዴ ያበራል፣ ሲቋረጥ ይጨልማል። እንዲሁ ከአብሪ ፕሮቲን ጋር የሚያያዘው አይአርጂ-1 ጂን ደግሞ ያለ ፒኤምኬ-1፣ ዚፕ-2 በተባለ ሌላ ፕሮቲን በኩል ይነሳል። የመጀመሪያው ጠፍቶ ሁለተኛው ከበራ የነካችሁት ጂን በፒኤምኬ-1 መስመር ላይ ነው። ሁለቱም ከጠፉ ትሏ ባክቴሪያውን በቅጡ መብላቷን መርምሩ።

ፒኤ14 ሰውንም ያጠቃል፤ ቃጠሎ ያለበት ወይም የመከላከያ አቅሙ የደከመ ሰው አይንካው። ፕሌቱ በሙሉ ከመጣሉ በፊት በኦቶክሌቭ ይለፍ፣ ጠረጴዛው በበረኪና ይጠረግ፣ ሽቦው በየመካከሉ በእሳት ይቃጠል። ኢንኪዩቤተሩንም ከእርባታ ትሎቻችሁ ለዩ።