ለእናት ስጦታ የቁርጥራጭ ብርድ ልብስ በእጅ ሲሰፉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከእንጦጦ ማዶ ሱሉልታ፣ ወይም ወደ ለገጣፎና ቡራዩ ዳር ወጣ ሲሉ፣ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ የሌሊቱ ብርድ አጥንት ይሰብራል። ለእናት የቁርጥራጭ ብርድ ልብስ ሰፍቶ መስጠት ለዚህ ወቅት የሚሆን ስጦታ ነው። ድሪቶ እንዳይመስል የሚያደርገው ደግሞ አብዛኛው ሥራ መርፌ ከመነሳቱ በፊት ያልቃል።

እዚህ የምንነጋገረው ስፋቱ 1.20፣ ርዝመቱ 1.50 ሜትር ስለሆነ ልብስ ነው። ተሰፍቶ ሲያልቅ እያንዳንዱ ቁራጭ 10 በ10 ሳንቲ ሜትር ከሆነ 12 በ15፣ ማለትም 180 ቁራጭ ያስፈልጋል።

ያገኙትን ጨርቅ ሁሉ መቀላቀል

ከሰፈር ልብስ ሰፊ ቤት በማዳበሪያ የሚገኘው ቁርጥራጭ ውስጥ ፖፕሊኑም፣ ጤትሮኑም፣ ከነቴራውም፣ ጂንሱም አብሮ አለ። ከነቴራ ይለጠጣል፤ ጂንስ ከጎኑ ያለውን ስስ ጨርቅ እየጎተተ ከስፌቱ ሥር ይተረትረዋል። ስለዚህ ውፍረታቸው የተቀራረበ የጥጥ ጨርቆችን ብቻ ይምረጡ። ከተጠራጠሩ ጥቂት ክር መዝዘው ሳህን ላይ በክብሪት ይለኩሱት፦ ጥጥ እንደ ወረቀት ነዶ ለስላሳ አመድ ይሆናል፣ ሰው ሠራሽ ክር ግን ቀልጦ ጠጣር ፍሬ ይሠራል። የአሮጌ ሸሚዝ ጀርባ ለዚህ ሥራ እጅግ ጥሩ ነው፤ ሰፊና ያልሳሳ ነውና።

ሳያጥቡ መቁረጥ

አዲስ ጥጥ በመጀመሪያው እጥበት ይሰበሰባል። ታጥቦ የሚያውቀውና የማያውቀው ጎን ለጎን ከተሰፉ ያላጠቡት ቁራጭ ተኮማትሮ ዙሪያውን ያጨማድደዋል። ቀይና ጥቁር ጨርቅ ደግሞ ይለቃል። በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ጫን አድርገው ይሹት፤ ነጩ ከቀላ ውኃው እስኪጠራ ደጋግመው ይጠቡ፣ እምቢ ካለ ይተዉት። ቀለም ያጸናል እየተባለ የሚደረገው ጨው አስተማማኝ አይደለም።

በዓይን መጠን መቁረጥ

ብዙ ልፋት ከንቱ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። በእያንዳንዱ ቁራጭ ላይ 2 ሚሊ ሜትር ስህተት ቢኖር ለብቻው አይታይም፤ በ12 ቁራጭ ሲደመር ግን 24 ሚሊ ሜትር ይሆናል። አንዱ ረድፍ ከሌላው ከአንድ ጣት በላይ ረዝሞ ሲቀር ደግሞ ጎትቶ ከማጣጣም በቀር መላ የለውም፣ የተጎተተው ልብስም ይቆለመማል።

ልኬውን ከካርቶን ያወጡ ብዙዎች 30ኛው ቁራጭ ላይ ሲደርሱ የካርቶኑ ጥግ ተበልቶ ክብ ሆኖ ያገኙታል። ከአሮጌ ጀሪካን ጎን የተቆረጠ ፕላስቲክ አይበላም። 10 በ10 ሆኖ የተቆረጠውን ፕላስቲክ በጨርቁ ውስጠኛ ገጽ ላይ አስቀምጠው በእርሳስ ወይም በስለት በተሳለ ሳሙና ያስምሩ፤ እስክሪብቶ ሲታጠብ ወደ ፊት ይወጣል። ከመስመሩ ውጪ 1 ሳንቲ ሜትር የስፌት ትርፍ ትተው ይቁረጡ፤ ቁራጩ 12 በ12 ይሆናል። ሽመናው ላላ ያለ የሸማ ጨርቅ ከሆነ ጠርዙ ስለሚተረተር ትርፉን 1.5 ያድርጉት።

የካሬው ጎኖች ከድሩና ከማጉ ጋር ይሂዱ። በሰያፍ የተቆረጠ ጨርቅ ይለጠጣልና እጅ ውስጥ ሳለ ቅርጹን ይለቃል።

ረጅም ክር

ክር ለመሰካት የሰለቸ ሰው አንድ ሜትር ይቆርጣል፤ ክሩም በየስፌቱ ይቋጠራል፣ መሐል ላይም ይሳሳል። 45 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። አንድ ጊዜ በጧፍ ሰም ላይ ሳብ ሲያደርጉት ደግሞ አይጠላለፍም።

ሁለት ቁራጭ ሲያጋጥሙ መርፌውን በላይኛው ጨርቅ የጥግ ምልክት ላይ ወግተው ገልብጠው ይዩ። በታችኛውም ጥግ ላይ ካልወጣ መስፋት አይጀምሩ። በ1 ሳንቲ ሜትር 3 ስፌት፣ በየ4 ወይም በየ5 ስፌቱ አንዴ ወደኋላ መለስ፣ መጨረሻ ላይ ሁለቴ መለስ አድርገው ይቋጩ። የአንዱን ረድፍ ትርፍ ወደ ቀኝ፣ የሚቀጥለውን ወደ ግራ ተኩሰው ያስተኙ፤ ረድፎቹ ሲጋጠሙ መገናኛው ላይ አራት እጥፍ ጨርቅ ተከምሮ እንዳይጎረብጥ ነው።

ባዘቶ ዝም ብሎ መሙላት

ባዘቶ ያሞቃል፣ ነገር ግን ስፌቶቹ ከ5 ሳንቲ ሜትር በላይ ከተራራቁ ሲታጠብ ወደ አንድ ጥግ ሸሽቶ ይቋጠራል። ለጀማሪ የሚሻለው ያረጀ ጋቢ ነው፤ ጥጡ የተሸመነ ስለሆነ አይሸሽም፣ በየ10 ሳንቲ ሜትሩ መስፋትም ይበቃዋል። እሱም ቀድሞ ይታጠብ።

ከታች የሚሆነው ጨርቅ በየጎኑ 5 ሳንቲ ሜትር ይትረፍ፣ ማለትም 1.30 በ1.60። ሦስቱን፣ ማለትም የታችኛውን ጨርቅ፣ ጋቢውንና የተጋጠሙትን ቁራጮች ደርበው መሬት ላይ ወጥረው ከመሐል ወደ ዳር ሩቅ ሩቅ አድርገው ለጊዜው ያያይዟቸው። ከዳር የጀመረ ሰው ጨርቁ መሐል ላይ ተሰብስቦ ያገኘዋል፣ እሱም እንደገና ካልተፈታ አይስተካከልም።

ጊዜውን አሳንሶ መገመት

ቁራጮቹን ማጋጠም ብቻ 33 ሜትር ስፌት ነው። ሦስቱን ድርብ በየመገጣጠሚያው ላይ መስፋት ሌላ 33 ሜትር ይጨምራል። በምሽት 1 ሜትር የሚሰፋ ሰው 66 ምሽት ያስፈልገዋል፤ ለገና ለማድረስ ቢዘገይ ቢዘገይ በጥቅምት አጋማሽ መጀመር አለበት፤ ዘግይቶ የጀመረ ስፌቱን ያሰፋል፣ ስፌቱም በመጀመሪያው እጥበት ይለቃል።

ሲሰጡም አንድ ነገር ለእናትዎ ይንገሩ፦ ክረምት ላይ አይታጠብ። ውስጡ ሳይደርቅ ቀናት ቆይቶ ይሻግታል። በበጋ፣ በቀዝቃዛ ውኃ፣ ሳይጠመዘዝ ታጥቦ በሁለት ገመድ ላይ ተዘርግቶ ይሰጣ።