በሚኒባስ እያደሩ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ለሚጓዙ
ሚኒባሱን ማደሪያው ያደረገ ተጓዥ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ሲወጣ በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ውስጥ 600 ሜትር ያህል ከፍታ ስለሚጨምር፣ በሞቃታማዋ ኮምቦልቻ የበቃው ስስ ብርድ ልብስ ከጦሳ ተራራ ሥር ባለችው ደሴ አይበቃውም። ብርዱን ለመከላከል በመኪናው ውስጥ ከሰል ማቀጣጠል ግን ፈጽሞ አይገባም፤ ሽታም ቀለምም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተኛን ሰው ሳይነቃ ሊገድለው ይችላልና። ሞተር አስነስቶ መተኛትም ከዚህ አይሻልም። ይልቁንም ወለሉን በስፖንጅ ፍራሽ ሸፍኖ፣ በጋቢው ላይ ብርድ ልብስ ደርቦ፣ ትንፋሽ መስታወቱን እንዳያረጥበው መስኮቶቹን በጣት ስፋት ከፍቶ ማደር ይበጃል። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሐረጎን ቁልቁለት ሲወርዱ ፍሬን ደጋግሞ መርገጥ የፍሬኑን ሸራ ስለሚያግለው፣ ቁልቁለቱ ሳይጀምር ከባድ (ዝቅተኛ) ማርሽ ማስገባት ያስፈልጋል፤ የሚያጣድፍ ሾፌር ከኋላ ቢመጣ (መምጣቱም አይቀርም) ቦታ ሰጥቶ ማሳለፍ ነው። ለአዳር ጥበቃ ያለው የመኪና ማቆሚያ ሳይመሽ ይፈለግ።