ጎንደር ላይ የነባር ስም ያላቸውን ትንንሽ ሞተር ሳይክሎች ሲገዙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሮያል ኢንፊልድ እ.ኤ.አ. በ1901፣ ትራያምፍ በ1902፣ ሃርሊ ዴቪድሰን በ1903 ሞተር ሳይክል መሥራት ጀመሩ። ዛሬ ሦስቱም አነስ ያሉና ዋጋቸው ቀለል ያሉ ሞዴሎችን ሕንድ ውስጥ ያስመርታሉ። የሮያል ኢንፊልድ ሃንተር 350 በ2022 ወጣ። በ2023 ከሕንዱ ባጃጅ ኩባንያ ጋር የተሠሩት የትራያምፍ ስፒድ 400 እና ስክራምብለር 400 ኤክስ፣ ከሌላው የሕንድ ኩባንያ ከሂሮ ጋር የተሠራው የሃርሊ ኤክስ440 ተከተሉ። ጥሩ ሞተር ሳይክሎች ናቸው፤ ገዢውን የሚጎዳው ታንኩ ላይ የተጻፈውን ስም ብቻ አይቶ መግዛቱ ነው።

«ባጃጅ ከሠራው መለዋወጫው የትም ይገኛል» ማለት ከሁሉም የበለጠ ያስከፍላል። ከተማው በባለ ሦስት እግር ባጃጅና በዚያው ኩባንያ ቦክሰር ሞተር ሳይክል የተሞላ ስለሆነ አባባሉ እውነት ይመስላል። የቦክሰር ሞተር ግን በአየር የሚቀዘቅዝ ባለ ሁለት ቫልቭ ነው። የስፒድ 400 ደግሞ በፈሳሽ የሚቀዘቅዝ፣ አራት ቫልቭ ያለው 398 ሲሲ ሞተር ነው፤ የአንዱ ዕቃ ለሌላው አይሆንም። ስለዚህ ዋጋ ከመቁረጥዎ በፊት ቢያንስ ሁለት የዘይት ፊልትሮ፣ አንድ የአየር ፊልትሮ፣ የፊትና የኋላ ፍሬን ሸራ፣ የፍሪሲዮን ገመድና አንድ ካንዴላ አብሮ እንዲመጣ ይስማሙ። ሁሉም በኢንጀክሽን (ቤንዚኑን በኤሌክትሮኒክስ ቁጥጥር እየረጨ በሚያስገባ ሥርዓት) የሚሠሩ በመሆናቸው የብልሽት ኮድ የሚያነብ መሣሪያ ያለው መካኒክ መኖሩንም አስቀድመው ያረጋግጡ። ካርቡሬተር መፍታት ብቻ የለመደ እጅ እዚህ ላይ ብዙ አይረዳም።

ሁለተኛው ስህተት ወረቀት ላይ ያለውን የፈረስ ጉልበት እንዳለ ማመን ነው። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች። እዚህ አየሩ በአንድ አምስተኛ ገደማ ስለሚሳሳ ጉልበቱም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ኢንጀክሽን ቤንዚኑን ከሳሳው አየር ጋር ያመጣጥናል እንጂ የጎደለውን አየር አይመልስም። የስፒድ 400 ጉልበት ከ40 ፈረስ ወደ 32፣ የሃንተር ከ20 ወደ 16 ይወርዳል ማለት ነው። ከዚህም በላይ መታየት ያለበት ጉልበቱ የሚገኝበት ዙር ነው። ኤክስ440 ከፍተኛ የመጠምዘዝ ኃይሉን፣ 38 ኒውተን ሜትሩን፣ በደቂቃ 4,000 ዙር ላይ ይሰጣል፤ ስፒድ 400 ግን 37.5ቱን የሚሰጠው 6,500 ዙር ላይ ሲደርስ ነው። ሰው አፈናጦ ከአዘዞ ወደ ፒያሳ ለሚመላለስ የመጀመሪያው ይቀላል። ስፒድ 400ን በከፍተኛ ማርሽ እየጎተቱ ዳገት ማስወጣት ሞተሩን ያንኳኳዋል፤ ማርሽ ይቀንሱና ዙሩን ከፍ ያድርጉ።

መንገዱም ይታይ። ኮብልስቶንና ጠጠር ለሚበዛበት ሰው ስክራምብለር 400 ኤክስ ከስፒድ 400 ይሻላል፤ የፊት ጎማው 19 ኢንች ነው። መቀመጫው ግን 835 ሚሊ ሜትር ከፍታ ስላለው ዳገት ላይ ቆመው እግርዎ መሬት መድረሱን ይሞክሩ።

ትራያምፎቹ ራዲያተር አላቸው፤ የቧንቧ ውሃ አይጨምሩበት። በጎንደር ከፍታ ክፍት ውሃ በ93 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የራዲያተሩ ክዳን ግፊቱን ይዞ መፍላቱን ያዘገያል፤ ላስቲኩ ካረጀ ግን ይህ ጥቅም ይቀራል። የቧንቧ ውሃ ደግሞ ውስጡን ያዝጋል። የሚጨመረው ኩላንት (ለራዲያተር የተዘጋጀ ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ነው፤ ያልተበጠበጠ ከሆነ በተጣራ ውሃ እኩል ለእኩል ይበጥብጡ። ሞተሩ ትኩስ ሳለ ክዳኑን ፈጽሞ አይክፈቱ።

ከደባርቅ አልፎ ሊማሊሞን በፍሬን ብቻ መውረድ ሕይወት ያስከፍላል። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። ሸራው ሲግል ያ እርጥበት ይፈላና እንፋሎት ይፈጥራል፣ እጀታው ሲጨበጥ ይላላል፣ ፍሬኑም አይዝም። በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ማርሽ፣ ጋዝ ሳይሰጡ ይውረዱ፤ ሁለቱንም ፍሬን አጠር አጠር እያደረጉ ይያዙና ይልቀቁ። ፍሪሲዮን ጨብጦ ወይም ማርሽ አውጥቶ መንከባለል የሞተሩን መያዣ ኃይል ያጠፋል። የፍሬን ዘይቱ ዶት 4 (DOT 4) ይሁን፤ በየሁለት ዓመቱ ይቀየር።

የመኪና ዘይትም አይጨምሩ። በእነዚህ ሞተር ሳይክሎች ፍሪሲዮኑ የሚሠራው ሞተር ዘይት ውስጥ ተነክሮ ነው፤ ብዙ የመኪና ዘይቶች ሰበቃ የሚቀንስ ቅመም ስላላቸው ሸራውን ያንሸራትቱታል። ጣሳው ላይ «ጃሶ ኤምኤ2» (JASO MA2) የሚል ይፈልጉ። ካቴናውን በየ500 ኪሎ ሜትሩ ጠርገው ይቀቡ፤ በክረምት ጭቃ ከነዱ በኋላ ግን ኪሎ ሜትሩን አይጠብቁ።

የመጀመሪያውን ሰርቪስ መዝለል ሌላው ጉዳት ነው። የሃንተር 500 ኪሎ ሜትር፣ የትራያምፎቹ 1,000 ኪሎ ሜትር ላይ ነው። አዲስ ብረት እርስ በርሱ ሲላመድ የሚፈጠረው ብናኝ ዘይቱ ውስጥ ይቀራል፤ ያ ዘይት መውጣት አለበት። ትራያምፍ ቀጣዩን ሰርቪስ በ16,000 ኪሎ ሜትር ወይም በአንድ ዓመት ማለቱ ብዙ ሰው ያዘናጋል። የበጋ አቧራ የአየር ፊልትሮን ቀድሞ ስለሚደፍን በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ አውጥተው ይዩት፤ ከጠቆረ በአዲስ ይቀይሩት።