አረጋውያን ወላጆችን ወደ አዳማ ስናመጣ የምንሠራቸው ስህተቶች

እናቴን ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ ያመጣናት ለጉልበቷ ብለን ነው። ክረምት በገባ ቁጥር ይጠዘጥዛታል፤ ጋቢ ደርባ እንኳ አይሞቃትም ነበር። አዳማ ከአዲስ አበባ በ700 ሜትር ገደማ ዝቅ ስለምትል አየሩ ሞቅ ይላል። የቤት ኪራዩም ይቀላል፤ በፍጥነት መንገዱ ደግሞ መጥቶ መጠየቅ አያስቸግርም። ውሳኔያችን ትክክል ነበር። አመጣጣችን ላይ ግን ብዙ ተሳስተናል። እናንተ እንዳትደግሙት ነው የምጽፈው።

በታኅሣሥ አይቶ መወሰን

እኛ ቤት ያየነው በታኅሣሥ ነው። ጠዋት ቀዝቀዝ ይላል፣ ቀን ደስ የሚል ፀሐይ አለ፣ ማታ ነፋሱ ይመጣል። "ገነት ነው" ብለን ቀብድ ከፈልን። ሙቀቱ የሚበረታው ግን ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ነው። በግንቦት ከሰዓት በኋላ ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ቤት ምጣድ ይሆናል። ከቻላችሁ በግንቦት ኑና ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ቤቱ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ተቀመጡ። ኮርኒስ፣ ትይዩ መስኮትና ጥላ ያለው በረንዳ ከሴራሚክ ይበልጣሉ።

አረጋዊ ሰው ውሃ ጥሙ ቶሎ አይሰማውም። ሽንት የሚያበዛ የግፊት ኪኒን የሚወስድ ከሆነ በሙቀት ራሱን ሊያዞረው ይችላል። ከመምጣታችሁ በፊት ሐኪሙን አማክሩ። ኪኒኑን በራሳችሁ አትቀንሱ።

እድርን መርሳት

ከሁሉ በላይ የጎዳን ይሄ ነው። እናቴ በሰፈሯ ከ30 ዓመት በላይ እድርተኛ ነበረች። እኛ አልጋና ፍሪጅ ስናጓጉዝ እድሩ ትዝ ያለው ሰው አልነበረም። አንድ ቀን ምስር እየለቀመች፣ ቀና ሳትል፣ "እዚህ ብሞት ድንኳን የሚተክልልኝ ማነው?" አለችኝ። መልስ አጣሁ። እናቴ የምትጠይቀኝ ስለ ሞት ብቻ አልነበረም። ብትታመም በሯን የሚያንኳኳ፣ ባትታይ "የት ጠፉ?" የሚል ሰው ነው የጎደላት።

የድሮው እድር ወርሃዊ መዋጮ እንዳይቋረጥ አንድ ልጅ ኃላፊነት ይውሰድ። በአዲሱ ሰፈር ደግሞ ቤት ከመከራየታችሁ በፊት እድሩ አዲስ ገቢ ይቀበል እንደሆነ፣ መመዝገቢያው ስንት እንደሆነ ጠይቁ። ቤተ ክርስቲያኑ ወይም መስጊዱም ያለ ባጃጅ የሚደረስበት ይሁን። እኛን ያዳነን ጎረቤታችን ናቸው። ጀበናው ሲጣድ እናቴን ይጠሯታል። አማርኛና ኦሮምኛ እየቀላቀሉ ሲያወጉ ይመሻል።

ሠራተኛ ስለተቀጠረች ብቻ መረጋጋት

ምግብ ማብሰልና ማጠብ አንድ ነገር ነው፤ ሰው መንከባከብ ሌላ። ሌሊት ሽንት ቤት ማን ይዟት ይሄዳል? ሠራተኛዋ እሑድ ስታርፍ ማን አለ? ይህን ሳንጠይቅ ቀርተን እናቴ አንድ ሌሊት ደፉ ላይ ተደናቅፋ ወደቀች። እግዚአብሔር ይመስገን፣ አልተሰበረችም። በማግስቱ መተላለፊያው ላይ መብራት፣ ሽንት ቤቱ ግድግዳ ላይ የብረት መያዣ አስገጠምን። ሽንት ቤቱ ግቢ ውስጥ የሆነ ቤት፣ ኪራዩ ቢረክስም ይቅርባችሁ። ከኪራዩ ያተረፋችሁትን ለሁለተኛ ረዳት አውሉት።

ውሃውንና ቢንቢውን መናቅ

በስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ውስጥ ፍሎራይድ ይበዛል፤ ሲቆይ አጥንትንም ይጎዳል። ማፍላት አያጠፋውም። ግቢው የጉድጓድ ውሃ የሚጠቀም ከሆነ ለመጠጥ ሌላ ፈልጉ። ወባም አለ። ዕድሜውን በደጋ የኖረ ሰው ሰውነቱ አልለመደውም። አጎበር ይሰቀል፤ ትኩሳት ከመጣ ደግሞ "ብርድ ነው" ሳትሉ በዚያው ቀን አስመርምሩ።

ሶደሬ ፍልውሃ ለመውሰድ የምትቸኩሉም አላችሁ። የልብ ወይም የግፊት ሕመም ካለ በቅድሚያ ሐኪም ይጠየቅ።

የድሮውን ቤት ቶሎ መልቀቅ

ይሄን አንዱን አልተሳሳትንም። የአዲስ አበባውን ቤት ቁልፍ ለስምንት ወር እናቴ ራሷ ቦርሳዋ ውስጥ ይዛ ቆየች። ሲከፋት አውጥታ ታየዋለች፣ መልሳ ታስገባዋለች። በዘጠነኛው ወር ከአዳማው እድር ስብሰባ ስትመለስ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችውና "አከራዩት" አለችን።