የሲፒዲ ዕቅድ ስታወጡ እነዚህን አትድገሙ

መስከረም ጠባ ማለት ደሴ ውስጥ የአምናው የሲፒዲ (የመምህራን ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ) ዕቅድ ከስልክ ስልክ መዞር ጀመረ ማለት ነው። ድሮ በፍላሽ ነበር፤ አሁን በቴሌግራም ሆኗል።

መጀመሪያ ስለዚሁ ግልበጣ ላውራ። አንድ ጀማሪ መምህር ዕቅዱን እንድመለከትለት ሰጠኝ። የፍላጎት ዳሰሳው ላይ «ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ተማሪዎችን ስለሚያዳክም» ይላል። ልጁ የሚያስተምረው ጦሳ ተራራ ሥር ነው! ተማሪዎቹ ጃኬት ሳያወልቁ ነው የሚማሩት። ለካ ዕቅዱ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ከሞቃታማዋ ኮምቦልቻ የመጣ ነው።

«ጋሼ፣ ሁሉም እኮ እንደዚህ ነው የሚያስገባው» አለኝ። አልተቆጣሁትም። እኔም በመጀመሪያው ዓመቴ የአማካሪ መምህሬን ዕቅድ ስም ብቻ ቀይሬ አስገብቻለሁ። የእሷ ክፍል ችግር ንባብ ነበር፤ የእኔ ረብሻ። ዓመቱን ሙሉ የሌለብኝን በሽታ ሳክም ከረምኩ።

ደሜን የሚያፈላው ግን ይሄ ነው፦ «የተማሪዎቼን ውጤት 85 በመቶ አደርሳለሁ።» ወንድሜ፣ አንተ ምን ልትማር ነው? ምኑን ልትቀይር ነው? መልስ የለም። ሰኔ ሲደርስ ቁጥሩ ይጠየቃል። ያኔ ፈተናው ይቀልላል፣ ማርኩ ይለጠጣል፣ ግቡም «ተሳካ» ይባላል። ተማሪው ግን ክፍልፋይ መደመር ዛሬም አልቻለም። ግብ ከራስ ሥራ ይጀምር፦ «እስከ ጥር በየሳምንቱ ሁለት ክፍለ ጊዜ ክፍልፋይን በሚዳሰስ ነገር አስተምራለሁ፤ ዓርብ ዓርብ አምስት ጥያቄ ሰጥቼ ማን ምኑን እንደሳተ እመዘግባለሁ።» ይሄን የጎን ክፍል መምህር ገብቶ ሊያየው ይችላል። 85 በመቶን ማን ገብቶ ያየዋል?

ግብ አታብዙ። ከሁለት ካለፈ አንዱም አይሠራም።

በዓመት 60 ሰዓት የሲፒዲ ሥራ ይጠበቅብናል። ያንን የስብሰባ ሰዓት እየደመሩ መሙላት... ባልናገር ይሻላል።

ፖርትፎሊዮንም (የዓመቱን ሥራ ማስረጃ ማኅደር) ሰኔ ላይ አትጀምሩት። በአንድ ሌሊት፣ በአንድ እስክሪብቶ የተጻፈ የአሥር ወር መዝገብ ከሩቅ ያስታውቃል።

ያ ልጅ ዕቅዱን እንደገና ጽፎ አመጣልኝ። ግማሽ ገጽ ናት፤ ግቧም አንድ ነው። ጥያቄ ከጠየቀ በኋላ መልሱን ራሱ ከመናገሩ በፊት በልቡ እስከ አምስት ይቆጥራል፤ እጅ ያወጡትን ልጆችም ይመዘግባል። «አብሽር፣ ይቺ ጥሩ ናት» አልኩት።

ከበላይ «አጠረች» ተብላ ተመልሳበታለች።