ስለ ከተሞች የቦምብ ድብደባ ክፍል ውስጥ ለማከራከር

የታሪክ መምህራን ሆይ፣ «ከተማን ከአየር መደብደብ ተገቢ ነው ወይ?» ብላችሁ አትጀምሩ። ክፍሉ በአንድ ድምፅ «አይደለም» ይላል፤ ክርክሩም ሳይጀመር ያልቃል። እኔ ጅማ ውስጥ የምጀምረው በካርታ ነው።

የከተማችንን ካርታ አሠሩ። አውሮፕላን ማረፊያውን ዒላማ አድርጉና ማዕከሉ እሱ የሆነ፣ ሬዲየሱ 8 ኪሎ ሜትር የሆነ ክብ በመለኪያ አስምሩ። ሄርማታ ገበያ፣ ፈረንጅ አራዳ፣ ዩኒቨርሲቲው፣ የአብዛኞቹ ተማሪዎች ቤት ክቡ ውስጥ ይገባል። ቁጥሩን ከኪሴ አላወጣሁትም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ እ.ኤ.አ. በ1941፣ ብሪታንያ የቦምብ ጣይ አውሮፕላኖቿን ውጤት ያስጠናችበት የበት ሪፖርት እንደሚለው፣ ዒላማችንን መታን ካሉት አውሮፕላኖቿ እዚህ ርቀት ውስጥ የደረሱት ከ3 አንዱ ያህል ብቻ ነበሩ። እንግዲህ በሌሊት ፋብሪካ ለይቶ መምታት ያልቻለ ምን ያድርግ? እ.ኤ.አ. በየካቲት 1942 ለብሪታንያ ቦምብ ጣዮች የወጣው መመሪያ የጀርመንን ሕዝብ፣ በተለይም የኢንዱስትሪ ሠራተኛውን ሞራል ዒላማ አደረገ። ጠቡ እዚህ ላይ ነው።

አሁን ክፍሉን ለሁለት ክፈሉ። መመሪያውን የሚደግፈውን ወገን ለጎበዞቹ ስጡ፤ ከባዱ ሥራ እሱ ነውና። ዋርሶንና ሮተርዳምን ጀርመን ቀድማ እንደደበደበች፣ ብሪታንያም ያን ጊዜ ጀርመንን የምትመታበት ሌላ መንገድ እምብዛም እንዳልነበራት ያስረዱ። ተቃዋሚዎቹ እ.ኤ.አ. በየካቲት 1944 በጌቶች ምክር ቤት (በብሪታንያ ፓርላማ የላይኛው ምክር ቤት) መንግሥታቸውን የሞገቱትን እንግሊዛዊ ጳጳስ ጆርጅ ቤልን ያንሡ። በብሪታንያና በአሜሪካ አውሮፕላኖች የተደበደበችውን የጀርመን ከተማ የድሬስደንን ሙታን ከ200 ሺህ በላይ የሚያደርስ ተማሪ አይጠፋም፤ የናዚ ፕሮፓጋንዳ ያናፈሰው ቁጥር መሆኑን ንገሩትና እ.ኤ.አ. በ2010 የታሪክ ምሁራን ኮሚሽን እስከ 25 ሺህ እንዳለ አሳዩት። ይህም ቢሆን ትንሽ አይደለም።

ደሴን ለመጨረሻ አቆዩ። ብዙ ባልደረቦቼ የራሳችን ስለሆነ በእሱ ይጀምራሉ፤ እኔ አልስማማም። «ጦርነት ነው፣ ምን ይደረግ» ያለው ተማሪ፣ ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን ሲደበድቡ የቀይ መስቀል ሐኪም ቤት እንደተመታ ሲሰማ ፊቱ ይለዋወጣል። ያን ጊዜ «ከጀርመን ከተሞች ልዩነቱ ምንድን ነው?» በሉት። ወራሪና ተወራሪ መሆን ነው? እ.ኤ.አ. የ1907ቱ የሄግ ድንጋጌ (ዓለም አቀፍ የጦርነት ሕግ) ያልተከላከለች ከተማን መደብደብ መከልከሉ ነው? መልሱን እናንተ አትስጡ።

ድምፅ አታሰጡ። እያንዳንዱ ሊመልሰው ያልቻለውን የተቃራኒ ወገን ክርክር ጽፎ ያስረክብ፤ ማርክ የምሰጠው ለዚያ ነው። በዝናብ ወራት ደግሞ ጠዋት አድርጉት፤ የጅማ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ተከራካሪም ዳኛም አይደማመጥም።