ሳይሠሩ ስለቀሩ የልዕለ ጀግና ፊልሞች የውይይት መርሐ ግብር እንዴት ይዘጋጃል?

በመሃል አዲስ አበባ የፊልም ውይይት ለማዘጋጀት ያሰበ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ከተሠራ ፊልም ነው፤ ፊልሙ ይታያል፣ ታዳሚውም ይወያይበታል። ሳይሠራ የቀረ ፊልም ግን በመጋረጃ ላይ የሚታይ ነገር ስለሌለው የዝግጅቱ ክብደት በሙሉ በአቅራቢው ላይ ይወድቃል። ይህ መመሪያ በአራት ኪሎ፣ በፒያሳ ወይም በብሔራዊ ቴአትር አካባቢ በሚገኝ አንድ አዳራሽ የሁለት ሰዓት ተኩል መርሐ ግብር ለማቅረብ ለሚፈልግ ሰው የተጻፈ ነው። የልዕለ ጀግና ፊልሞች ለዚህ ዓይነቱ ዝግጅት ይስማማሉ፤ ሱፐርማንንና ስፓይደርማንን የማያውቅ ታዳሚ ስለማይኖር ገጸ ባሕርያቱን በማስተዋወቅ ጊዜ አይባክንም፣ ስለ ቀሩትም ፊልሞች የተረፈው ሰነድ ብዙ ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት፣ የእኛ መሆናቸው ካልተገለጸ በስተቀር፣ እንደ ኤሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ የሚወሰነው የፊልሞቹ ብዛት ነው። ሃያ ርዕስ ደርድሮ ስለ እያንዳንዱ ሁለት ሁለት ዓረፍተ ነገር መናገር የሚያጓጓ ቢሆንም፣ ታዳሚው ወደ ቤቱ ሲሄድ ከስም በቀር የሚይዘው ነገር አይኖርም። ሦስት ፊልም ይበቃል፤ ምርጫውም በጀግናው ዝና ሳይሆን ፊልሙ በቀረበት ምክንያት ቢሆን ይሻላል። አንዱ በስቱዲዮው ውሳኔ፣ ሁለተኛው በመብት ክርክር፣ ሦስተኛው በጊዜ አለመገጣጠም የቀረ ከሆነ፣ የፊልም ኢንዱስትሪው አሠራር ራሱ በሦስት አቅጣጫ ይታያል። ሦስቱም የባትማን ዕቅዶች ከሆኑ ግን ምሽቱ የባትማን ምሽት ሆኖ ይቀራል።

በምርጫው ጊዜ ሦስት የተለያዩ ነገሮችን አለመቀላቀል ያስፈልጋል። ጨርሶ ያልተቀረጸ ፊልም አለ፤ ተቀርጾ ለሕዝብ ያልቀረበ አለ፤ በሌላ ዳይሬክተር እጅ የተሠራም አለ። በ2022 ዋርነር ብራዘርስ ዲስከቨሪ የሰረዘው «ባትገርል» በአዲል ኤል አርቢና በቢላል ፋላህ ዳይሬክተርነት፣ ሌስሊ ግሬስ ዋናዋ ተዋናይት ሆና ግላስጎው ውስጥ የተቀረጸ በመሆኑ የሁለተኛው ወገን ነው። በሮጀር ኮርማን ፕሮዲዩሰርነት በአንድ ሚሊዮን ዶላር ገደማ የተሠራውና በይፋ ያልታየው የ1994ቱ «ፋንታስቲክ ፎር»ም እንዲሁ ነው፤ ቀረጻው በጥድፊያ የተጀመረው የጀርመኑ ፕሮዲዩሰር በርንድ አይኪንገር የያዘው መብት ጊዜው ሊያልፍበት ስለነበር ነው። ኤድጋር ራይት በ2014 ጥሎት የወጣው «አንትማን» ደግሞ በፔይተን ሪድ ተሠርቶ በ2015 ለዕይታ ስለበቃ ከዚህ ርዕስ ውጭ ነው። ልዩነቱ በመግቢያው ላይ በሁለት ደቂቃ ቢነገር፣ በኋላ ከታዳሚው የሚነሣውን ግማሽ ጥያቄ ያስቀራል።

ለምሽቱ ማዕከልነት የምመርጠው «ሱፐርማን ሊቭስ»ን ነው። ዋርነር ብራዘርስ ለ1998 ያቀደው ይህ ፊልም ዳይሬክተሩ ቲም በርተን፣ ፕሮዲዩሰሩ ጆን ፒተርስ፣ ሱፐርማንን የሚጫወተውም ኒኮላስ ኬጅ ነበሩ። መነሻው ሱፐርማን የሚሞትበት የ1992ቱ የኮሚክ (በሥዕል የሚተረክ መጽሔት) ታሪክ ነው። ኬቪን ስሚዝ የጻፈው ስክሪፕት በርተን ሲመጣ ተትቶ ዌስሊ ስትሪክ፣ ከእርሱም በኋላ ዳን ጊልሮይ እንደገና ጻፉት። በ1998 ስቱዲዮው ሥራውን ሲያቆመው የፊልሙ ቀረጻ አልተጀመረም ነበር። ያም ሆኖ የዳይሬክተሩና የተዋናዩ ውል ፊልሙ ቢሠራም ባይሠራም ክፍያቸው የማይቀር እንዲሆን ያደርግ ስለነበር፣ በርተን 5 ሚሊዮን፣ ኬጅ ደግሞ 20 ሚሊዮን ዶላር እንደሚያገኙ በስፋት ተዘግቧል። አቅራቢው በዚህ ውል ላይ ጊዜ ወስዶ ቢቆም አይጸጸትም፤ አንድ ስቱዲዮ ይህን ያህል ገንዘብ ከፍሎ ፊልሙን መተው ለምን እንደሚመርጥ ታዳሚው መጠየቁ አይቀርምና። መልሱ ፊልሙን ለመጨረስ የሚያስፈልገው ወጪ ከጠፋው ገንዘብ እጅግ የሚበልጥ መሆኑ ነው። ስቱዲዮው ከአንድ ዓመት በፊት በ1997 ባወጣው «ባትማን ኤንድ ሮቢን» ላይ የደረሰበት ትችትም ድፍረቱን ቀንሶበት ነበር፤ ጆኤል ሹማከር ሊሠራው የነበረው ተከታይ የባትማን ፊልምም በዚያው ውድቀት ሰበብ ቀርቷል።

ስለዚህ ፊልም በጣም የሚወደደው ወሬ ስሚዝ ራሱ በመድረክ የተረከው ነው። እርሱ እንደሚለው ፒተርስ ሦስት ነገር አዘዘው፤ ሱፐርማን የታወቀውን ልብስ እንዳይለብስ፣ እንዳይበርር፣ በመጨረሻውም ክፍል ከግዙፍ ሸረሪት ጋር እንዲዋጋ። ወሬው ያስቃል፤ መነገርም አለበት፤ ነገር ግን «ስሚዝ እንደተረከው» ተብሎ መነገር ይኖርበታል፣ ምክንያቱም የአንድ ወገን ቃል ነው። ጆን ሽኔፕ በ2015 የሠራው ስለዚሁ ፊልም መቅረት የሚተርክ ዘጋቢ ፊልም ፒተርስን፣ በርተንንና ስሚዝን ስለሚያናግር፣ አቅራቢው ሦስቱን ቃል አስተያይቶ የሚለያዩበትን ቦታ በማስታወሻው ላይ ቢያሰፍር ከማንኛውም የኢንተርኔት ዝርዝር የተሻለ ነገር ይዞ ይቀርባል። ሸረሪቱን በተመለከተ ከቃል ያለፈ ማስረጃ አለ፤ ፒተርስ ፕሮዲዩሰር በነበረበት በ1999ኙ «ዋይልድ ዋይልድ ዌስት» ውስጥ ግዙፍ የብረት ሸረሪት ይታያል። በ2023 በወጣው «ዘ ፍላሽ» ደግሞ በኮምፒውተር የተቀናበረው ኬጅ የሱፐርማንን ልብስ ለብሶ ከሸረሪት ጋር ሲዋጋ ለጥቂት ሰከንዶች ይታያል።

ኬጅ ረጅም ጸጉር አድርጎ በሱፐርማን ልብስ የተነሣውን ፎቶግራፍ በመጀመሪያ አለማሳየት ይመረጣል። ፎቶግራፉ የልብስ ሙከራ ነው እንጂ የፊልሙ ትዕይንት አይደለም፤ ይህ ሳይነገር ከቀረበ ግን አዳራሹ በሳቅ ይሞላና ከዚያ በኋላ ስለ ውልና ስለ ስክሪፕት የሚነገረውን በቁም ነገር የሚሰማ አይገኝም።

ሁለተኛው ፊልም በመብት ክርክር የቀረው የጄምስ ካሜሮን ስፓይደርማን ነው፤ ይህን በቃል ብቻ ማስረዳት አስቸጋሪ ስለሆነ ሰሌዳ ያስፈልጋል። ስፓይደርማንን በፊልም የመሥራት መብቱ በ1985 ከኮሚክ አሳታሚው ከማርቭል ወደ ፊልም ኩባንያው ካነን ሄደ፤ ከካነን ባለቤቶች አንዱ የነበረው ሜናኸም ጎላን ሲለቅ ይዞት ወጣ፤ ከዚያም ካሮልኮ የተባለ ሌላ የፊልም ኩባንያ ገዝቶ ሥራውን ለካሜሮን ሰጠው። የቴሌቪዥኑ መብት ለቫያኮም፣ የቪዲዮው ለኮሎምቢያ ተሸጦ ስለነበር ነገሩ አንድ ይዞታ ለሦስት ገዥ እንደተሸጠበት ዓይነት ክርክር ሆነ። ካሮልኮ በ1995 ከሰረ፤ ክርክሩ የተቋጨው በ1999 ሲሆን፣ የኮሎምቢያ ባለቤት የሆነው ሶኒ በጄምስ ቦንድ ፊልሞች ላይ ያነሣው የነበረውን የይገባኛል ጥያቄ ለኤም ጂ ኤም ስቱዲዮ ትቶ ስፓይደርማንን ያዘ። በሰሌዳው ላይ ቀስቱ ከአንዱ ኩባንያ ወደ ሌላው እየተሳበ ይህ ሁሉ ከተነገረ በኋላ፣ ከካሜሮን ጽሑፍ ምን እንደተረፈ መጠየቅ ተገቢ ነው። ድሩ ከመሣሪያ ሳይሆን ከጀግናው ከራሱ የእጅ አንጓ የሚወጣበት ሐሳብ በካሜሮን ጽሑፍ ውስጥ ነበር፤ ሳም ሬይሚ በ2002 ያወጣው ፊልምም ይህንኑ ይዟል።

ሦስተኛው በጊዜ አለመገጣጠም የቀረው የዳይሬክተር ጆርጅ ሚለር «ጀስቲስ ሊግ፦ ሞርታል» ነው። አርሚ ሀመር ባትማንን፣ ሜጋን ጌል ወንደር ውማንን እንዲጫወቱ ተመርጠው ነበር። የአሜሪካ የፊልም ጸሐፊዎች የሥራ ማቆም አድማ ከኅዳር 2007 እስከ የካቲት 2008 ሲቆይ ስክሪፕቱን ማረም አልተቻለም፤ ፊልሙ ይቀረጽባት በነበረችው በአውስትራሊያም የተጠበቀው የግብር ቅናሽ ተከለከለ። አድማው በእኛ አቆጣጠር ከጥቅምት እስከ የካቲት 2000 ያለውን ጊዜ ይይዛል፤ የሚሊኒየሙ ዓመት መሆኑ ቢጠቀስ ታዳሚው ዘመኑን ወዲያው ያስታውሰዋል። ሜጋን ጌልና በዚያው ፊልም ተመርጦ የነበረው ሂዩ ኪስ በርን ሚለር በ2015 ባወጣው «ማድ ማክስ፦ ፉሪ ሮድ» ውስጥ መታየታቸው ለመሸጋገሪያ የሚሆን ጥሩ ነጥብ ነው።

መረጃ ሲሰበሰብ አንድ ወረቀት በሦስት ዓምድ ከፍሎ፣ በመጀመሪያው ስቱዲዮው በይፋ ያሳወቀውን፣ በሁለተኛው የሙያው ጋዜጦች እንደ ቫራይቲና ሆሊውድ ሪፖርተር በወቅቱ የዘገቡትን፣ በሦስተኛው ተሳታፊዎች ከዓመታት በኋላ የተናገሩትን መጻፍ በቂ ነው። በሦስቱም ያልተገኘ ነገር ከመርሐ ግብሩ ይውጣ። ፖስተሮች የተለየ ጥንቃቄ ይሻሉ፤ ዛሬ በስልክ የሚዘዋወሩት አብዛኞቹ «ያልተሠሩ ፊልሞች ፖስተሮች» አድናቂዎች የሣሏቸው ወይም በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተፈበረኩ ናቸውና በወቅቱ የታተመበት ቦታ ያልታወቀን ምስል አለማሳየት ይሻላል። ለንባቡ ሰፊ ጸጥታና ኢንተርኔት የሚፈልግ ሰው አራት ኪሎ የሚገኘውን አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ሊጠቀም ይችላል።

ስክሪፕቶቹ ሾልከው የወጡ በመሆናቸው አባዝቶ ማደል አይገባም፤ በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ዓመቱ በእኛ አቆጣጠር ነው) መሠረት ያልታተመ ሥራም ጥበቃ አለው። ዘጋቢ ፊልሙንም ያለ ፈቃድ በሙሉ ማሳየት ያው ነው። ይልቅ አቅራቢው አንድ ትዕይንት መርጦ በራሱ አማርኛ ቢተርከው ይሻላል፤ በንግግር የተሞላውን ሳይሆን ድርጊት የሚበዛበትን ይምረጥ።

የአዳራሽ ጥያቄ በደብዳቤ ይቀርባል፤ ፕሮጀክተሩም አስቀድሞ ይሞከራል። ምስሎቹ በፍላሽ ተጭነው መምጣት አለባቸው፣ በአዳራሹ ኢንተርኔት መተማመን አይገባም። መብራት ቢጠፋ ሰሌዳውና ጠመኔው ስላሉ የስፓይደርማኑ ክፍል ወደ ፊት ሊመጣ ይችላል። ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት ተጀምሮ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ካበቃ ታዳሚው ታክሲ ሳይቸገር ይመለሳል።

በዝግጅቱ ዕለት ጠዋት የፊልሞቹን ሁኔታ እንደገና ማጣራት አይዘለል። ቻኒንግ ቴተም ለዓመታት ሊሠራው የነበረው «ጋምቢት» ዲዝኒ ፎክስን በገዛበት በ2019 ተሰርዟል፤ ተዋናዩ ግን በ2024 ገጸ ባሕርይውን ለብሶ «ዴድፑል ኤንድ ዎልቨሪን» ውስጥ ብቅ አለ። ማኸርሻላ አሊ እንደሚመራው በ2019 የተነገረው «ብሌድ» ደግሞ በ2024 ከዕይታ ሰሌዳው ላይ ቢወጣም መሰረዙ አልታወጀም ነበር፤ ስለዚህ እንዲህ ያለውን ፊልም ከቀሩት ተርታ ማሰለፍ አይገባም። ከታዳሚው ጥያቄ ከመጣ «የዘገየ» ተብሎ ይመለስ።